የኤሌክትሪካል ምህንድስና የቡድን ፕሮጀክት፦ ጅማ ላይ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጅማ ዩኒቨርሲቲ ጂሲ፣ ማለትም ተመራቂ ተማሪ፣ ሆናችኋል። ከአምስቱ ዓመት የቀረው ትልቁ ነገር የቡድን ፕሮጀክት ነው። ውጭ አገር ካፕስቶን ይሉታል፣ እኛ ጋ ፋይናል ፕሮጀክት ወይም ሲኒየር ፕሮጀክት ይባላል። ፓወርም ሁኑ ኮንትሮል፣ ኮሙኒኬሽንም ሁኑ ኤሌክትሮኒክስ፣ የምትጠይቁት ጥያቄ ይመሳሰላል። የገጽ ብዛት፣ የቡድን አባላት ቁጥር፣ የማስረከቢያ ቀን እዚህ የሉም። እነሱ ከዓመት ዓመት ስለሚቀያየሩ ከዲፓርትመንታችሁ ማስታወቂያ ላይ እዩ።

ለምን በቡድን? ብቻዬን ብሠራ አይፈጥንም?

ይህን የሚጠይቁት አብዛኛውን ጊዜ ቀለሜዎቹ ናቸው። እውነት ነው፣ አንዳንዱ ሥራ ብቻ ሲሆኑ ይፈጥናል። ችግሩ ከዚህ በኋላ እንደዚያ ዓይነት ሥራ ብዙም አለመኖሩ ነው። ከጅማ ብዙም የማይርቀውን ጊልጌል ግቤ 1ን ተመልከቱ፤ 184 ሜጋ ዋት ያመነጫል። ጄኔሬተሩን የሚያውቀው ሰው፣ ትራንስፎርመሩን የሚያውቀው ሰው፣ ብልሽት ሲፈጠር መስመሩን የሚያስቆርጠውን ፕሮቴክሽን ሪሌይ የሚያስተካክለው ሰው የተለያዩ ናቸው። የሪሌይ ባለሙያው ከትራንስፎርመሩ ባለሙያ ትክክለኛ ቁጥር ካላገኘ ሥራው ገደል ይገባል።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ሎሚ ግን አንዱ ከሌላው ጋር በሽቦ መገናኘት የለበትም። የናንተ ሥራ አለበት። ፕሮጀክቱ የሚፈትነውም ይህንኑ ነው፤ የአንዱ ሥራ ከሌላው ሥራ ጋር ሲገናኝ ይሠራል ወይ?

ርዕስ ከየት እናምጣ?

መጀመሪያ ምን እንደማልመክር ልንገራችሁ። ስማርት የቆሻሻ ቅርጫት፣ በብሉቱዝ የሚበራ አምፖል፣ ፀሐይን ተከትሎ የሚዞር ሶላር ፓኔል። መጥፎ ሆነው አይደለም። ሰርኪዩቱም ኮዱም ኢንተርኔት ላይ ተዘርግቷል፣ ፈታኞቹም በየዓመቱ ያዩታል። «ከዚህ ውስጥ የናንተ የቱ ነው?» ስትባሉ መልስ ይጠፋችኋል።

ጅማ ላይ ተቀምጦ ርዕስ ማጣት ግን ይከብዳል። በቡና ወቅት ከከተማው ትንሽ ወጣ በሉ። ቡናው በማድረቂያ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ታያላችሁ። እሸቱ ደርቆ ጀንፈል እስኪሆን ሳምንታት ይፈጃል። እርጥበቱ 11 ወይም 12 በመቶ ገደማ ሲደርስ ይነሣል። ሳይደርቅ ከተከማቸ ይሻግታል። ከመጠን በላይ ከደረቀ ደግሞ ሲፈለፈል ይሰባበራል፣ ሚዛን ላይም ይቀንሳል። ብዙ ገበሬ መድረሱን የሚያውቀው በእጁ አሽቶ፣ በጥርሱ ነክሶ ወይም አንቀጥቅጦ ድምፁን ሰምቶ ነው። ልምድ ያለው ሰው አይሳሳትም ማለት ይቻላል። ግን ልምዱ ከሰውየው ጋር ነው የሚሄደው።

ይህ ለአራት ሰው የሚበቃ ሥራ ነው። ቡና በሁለት የብረት ሳህኖች መካከል ሲቀመጥ፣ እርጥበቱ ሲለዋወጥ ካፓሲታንሱም (ቻርጅ የመያዝ አቅሙም) ይለዋወጣል። ይህን ለክቶ ወደ በመቶ መቀየር የሴንሰር ሥራ ነው። የምትለኩት ቁጥር ትክክል መሆኑን ለማወቅ ደግሞ ናሙናውን መዝናችሁ፣ በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ምድጃ ውስጥ አድርቃችሁ፣ እንደገና መመዘን አለባችሁ። የጠፋው ክብደት ውሃው ነው። እናንተ ጋ ምድጃ ባይኖር የግብርናና እንስሳት ሕክምና ኮሌጁን በደብዳቤ ጠይቁ። ከሌላ ኮሌጅ ሰው ጋር መሥራት ፈታኞችን ያስደስታል፤ እናንተንም ያስተምራል።

አንድ ነገር ግን አትርሱ። የጅማ ቡና በብዛት የሚለቀመው ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ ነው። ሁለተኛ ሴሚስተር ላይ ዕቃው ተሠርቶ ሲያልቅ አልጋው ባዶ ነው። ቡና ላይ ለመሥራት ያሰበ ቡድን የመስክ ልኬቱን በመኸሩ መሥራት ወይም ናሙና አስቀድሞ መያዝ አለበት። ይህን ሳያስብ ርዕስ አስጸድቆ ሚያዝያ ላይ እሸት ቡና የሚፈልግ ቡድን አይጠፋም።

ሌላው የርዕስ ምንጭ ራሳችሁ የዞራችሁበት ሰፈር ነው። ጅማ ዩኒቨርሲቲ የሚታወቀው በማኅበረሰብ ላይ በተመሠረተ ትምህርት ነው። ሲቢቲፒ (በማኅበረሰብ ላይ የተመሠረተው የተግባር ሥልጠና) ላይ ቤት ለቤት ዞራችሁ ያያችሁትን አስታውሱ። የቮልቴጅ መውረድ ፍሪጃቸውን ያቃጠለባቸው ሰዎች ነበሩ? ወፍጮ ቤት ከምሽቱ በፊት ለምን ይዘጋል? የጫጩት ማስፈልፈያ ያለው ሰው መብራት ሲሄድ ምን ያደርጋል? ከዚህ የሚወጣ ርዕስ «ስማርት» የሚል ቅጽል አያስፈልገውም።

ቡድናችሁ ውስጥ አፋን ኦሮሞ የሚችል ሰው ይኑር። ገበሬውን በአስተርጓሚ ማናገር ይቻላል፤ ቀጥታ ማናገር ግን ሌላ ነው። ስክሪኑ ላይ የሚወጣው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ ከሆነም ዕቃው ለማን እንደተሠራ ግራ ያጋባል።

የዩኒቨርሲቲው ሕክምና ማዕከል ውስጥም ብዙ ችግር አለ። የሕመምተኛን አካል የሚነካ ዕቃ ከሆነ ግን የሥነ ምግባር ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ፈቃዱ ጊዜ ይወስዳል። የመሣሪያውን ኤሌክትሪክ አቅርቦት መጠበቅ ወይም የመድኃኒት ፍሪጅን ሙቀት መከታተል ቀለል ይላል።

ፕሮፖዛሉ ላይ ቁጥር የግድ ነው?

የግድ ነው። «ርካሽ፣ አስተማማኝና ኃይል ቆጣቢ ሲስተም» የሚል ዓረፍተ ነገር ማንንም አያሳምንም። ስንት ብር? ስንት ሰዓት? በስንት በመቶ ስህተት?

አንድ ምሳሌ። ዕቃችሁ በአማካይ 1 ዋት ይፈጃል እንበል። ዩፒኤስ ውስጥ የሚገባው የተለመደው 12 ቮልት፣ 7 አምፔር ሰዓት ባትሪ 84 ዋት ሰዓት ይይዛል። ሊድ አሲድ ስለሆነ ከግማሽ በላይ ባታወርዱት ዕድሜው ይረዝማል። ስለዚህ የምትጠቀሙበት 42 ዋት ሰዓት ነው፤ 42 ሰዓት ብቻ። ሁለት ቀን አይሞላም። የጅማ ክረምት ደመናው ለቀናት አይገለጥም። ይህን ስሌት ፕሮፖዛሉ ላይ የሠራ ቡድን ወይ ባትሪ ያሳድጋል ወይ ዕቃው በየ10 ደቂቃው ነቅቶ ለክቶ እንዲተኛ ያደርገዋል። ያልሠራው ቡድን በሰኔ ዝናብ ይማረዋል።

አሜሪካ ውስጥ ለምህንድስና ፕሮግራሞች ዕውቅና የሚሰጠው ኤቤት ከመጨረሻው የዲዛይን ሥራ የሚጠብቀውም ከዚህ አይርቅም፤ ተማሪው የምህንድስና ደረጃዎችንና የተለያዩ ገደቦችን አገናዝቦ፣ ቀድሞ በተማረው ላይ ተመሥርቶ እንዲሠራ ነው። ገደብ ማለት ዋጋ፣ ጊዜ፣ ደኅንነት፣ የቦታው ሁኔታ ነው። ያለ ቁጥር ገደብ የለም።

ሃርድዌር መሆን አለበት ወይስ ሲሙሌሽን ይበቃል?

ሁለቱም ይቻላል። በተለይ ፓወር ላይ ሲሙሌሽን የተለመደ ነው፤ ማንም ሰብስቴሽን ሠርቶ ዲፌንስ (ሥራው በፈታኞች ፊት የሚቀርብበት ቀን) አይቀርብም። ግን ሲሙሌሽን ማምለጫ አይምሰላችሁ።

የተለመደው ርዕስ የአንድ ፊደር፣ ማለትም ከሰብስቴሽን ወጥቶ ወደ ሰፈር የሚሄድ መስመር፣ አስተማማኝነት ነው። ደንበኛው በዓመት በአማካይ ስንት ጊዜ መብራት ይቋረጥበታል፣ ለስንት ሰዓትስ? የመጀመሪያው ሳይፊ፣ ሁለተኛው ሳይዲ ይባላል። ቀመሩ ቀላል ነው። ከባዱ መረጃው ነው። ከኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት የማቋረጥ መዝገቡን ለማግኘት ከዲፓርትመንት የትብብር ደብዳቤ ይዛችሁ በጊዜ ሂዱ። መዝገቡ በእጅ የተጻፈ ሊሆን ይችላል፣ የጎደለ ቀን ይኖረዋል፣ ምክንያቱ «ያልታወቀ» የሚል ይበዛበታል። እሱን ማጽዳት ራሱ የአንድ አባል ሙሉ ሥራ ነው።

መረጃ አጣን ብላችሁ ከመማሪያ የተወሰደ ባለ 33 ባስ (የመገናኛ ነጥብ) ሞዴል ላይ ብትሠሩ ችግር የለውም። ርዕሱን «የጅማ ፊደር ጥናት» ብላችሁ ግን አትሰይሙት። ይህ እንደ ቀልድ የሚታለፍ ነገር አይደለም።

ሌላው የሲሙሌሽን አደጋ ሁሉም ነገር በአንድ ሰው ላፕቶፕ ውስጥ መቅረቱ ነው። ኢታፕ ወይም ማትላብ የሚባለው የሲሙሌሽን ሶፍትዌር ያለው ልጅ ይሠራል፣ ሌሎቹ ከኋላው ቆመው ያያሉ። ከፋፍሉት። አንዱ መረጃውን ያጽዳ፣ አንዱ ያለውን ኔትወርክ ሞዴል ይሥራ፣ አንዱ የሞዴሉ ውጤት ከተለካው ጋር መቀራረቡን ይፈትሽ፣ አንዱ ማሻሻያውንና ወጪውን ያስላ።

ሥራውን እንዴት እንከፋፈል?

የተለመደው አከፋፈል ይታወቃል። አንዱ ኮድ፣ አንዱ ዶክመንት፣ አንዱ ፓወር ፖይንት፣ የቀረው ደግሞ ብር ያዋጣል። ይህ አከፋፈል እስከ ዲፌንስ ድረስ ሰላም ነው። ዲፌንስ ላይ ፓወር ፖይንት የሠራችው ልጅ ስለ ሬጉሌተሩ (ቮልቴጁን ስለሚያስተካክለው ክፍል) ስትጠየቅ ዝም ትላለች። ጥፋቱ የሷ ብቻ አይደለም፣ ሥራው ሲከፈል ምህንድስና የሚባል ነገር አልደረሳትም።

እኔ የምመክረው ይህን ነው። ብሎክ ዲያግራሙን በትልቅ ወረቀት ሣሉ። እያንዳንዱ ብሎክ አንድ ባለቤት ይኑረው። የቡናውን ምሳሌ ብንወስድ፦ አንዱ ሴንሰሩንና ካሊብሬሽኑን (ልኬቱን ከትክክለኛው ጋር ማስተካከሉን)፣ አንዱ ሶላሩንና ባትሪውን፣ አንዱ ኮንትሮለሩንና ኮዱን፣ አንዱ መልእክት መላኪያውን። ሁሉም የሚሠራውና የሚለካው ነገር አለው።

እስከዚህ ብዙ ቡድን ይደርሳል። የሚዘለለው ቀጣዩ ነው። በብሎኮቹ መካከል ያሉት መስመሮችስ የማን ናቸው? ለእያንዳንዱ መስመር ሁለቱ ባለቤቶች ቁጭ ብለው በጽሑፍ ይስማሙ። ስንት ቮልት? እስከ ስንት አምፔር? የትኛው ገመድ፣ የትኛው ማገናኛ? የሚላከው መረጃ ምን ይመስላል፣ በየስንት ደቂቃው? ለምሳሌ፦ «ከሴንሰር ወደ ኮንትሮለር፦ ከ0 እስከ 5 ቮልት፣ 0 ቮልት ማለት 5 በመቶ እርጥበት፣ 5 ቮልት ማለት 30 በመቶ፣ በየ10 ደቂቃው ይነበባል።» ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ሁሉም ይፈርምበት፣ አንድ ኮፒ ለአድቫይዘር (ለአማካሪ መምህራችሁ) ይሰጥ። ይህች ገጽ ከሙሉ ፕሮፖዛሉ ትበልጣለች ብል አላጋነንኩም።

ጥቅሟ ማንም ማንንም እንዳይጠብቅ ማድረጓ ነው። የመልእክቱ ባለቤት ሴንሰሩ እስኪያልቅ አይቀመጥም፤ ውሸት ቁጥር ፈጥሮ ይልካል። የባትሪው ባለቤት ሞጁሉ እስኪገዛ አይጠብቅም፤ በወረቀቱ የተጻፈውን ከረንት የሚስብ ሬዚስተር ሰክቶ ይፈትናል። ነገር ሲቀየር ደግሞ ወረቀቱ ይቀየራል፣ ሁሉም ያውቃል። «ቴሌግራም ላይ ጽፌ ነበር» የሚባል ክርክር አይኖርም።

ዶክመንቱን ሁሉም የራሱን ክፍል ይጻፍ፣ አንድ ሰው ያስተካክለው። አስተባባሪውን ስትመርጡ ደግሞ የግድ ከፍተኛ ውጤት ያለውን አትፈልጉ። ስልክ ደውሎ የሚያስታውስ፣ ሲያስታውስ ሰው የማያስቀይም ልጅ ይሻላል። አንዳንዴ ይህ ክፍሉ ውስጥ ዝም የምትለዋ ልጅ ናት።

ከጓደኞቼ ጋር ልቡደን ወይስ ከጎበዞቹ ጋር?

በጊዜ ከሚመጡት ጋር። ምርጫው የዲፓርትመንቱ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው ራሱ የለም።

አንድ አባል አይሠራም። ምን እናድርግ?

መጀመሪያ ለምን እንደሆነ እወቁ። ቤተሰቡ ላይ ችግር ደርሶ ይሆናል። ለላፕቶፕና ለዕቃ ማዋጫ ብር አጥቶ አፍሮ ይሆናል፤ ይህ ከምታስቡት በላይ አለ፣ ልጁም አይናገረውም። ወይም የተሰጠውን ሥራ ከየት እንደሚጀምር ስላልገባው ይሸሻል። ለሦስቱም መፍትሔ አለ። ሥራውን አሳንሳችሁ በሳምንት የሚያልቅ ቁራሽ ስጡት። መዋጮ የሚከብደው ከሆነ በሌላ ይካካስ፤ ዕቃ ለማምጣት አዲስ አበባ የሚሄደው እሱ ይሁን።

ስንፍና ከሆነ ግን አትሸፋፍኑ። እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። «ምን አገባኝ፣ ስሙን እንጻፍለትና ይለፍ» ይባላል። ከዚያ ዲፌንስ ላይ እሱ ሲንተባተብ የሁላችሁም ነጥብ ይወርዳል። በየሳምንቱ አጭር መዝገብ ያዙ፦ ማን ምን ሠራ፣ ምን ቀረው። ሁለት ሳምንት ባዶ ከሆነ በጋራ ንገሩት። ካልተስተካከለ መዝገቡን ይዛችሁ አድቫይዘር ጋ ሂዱ። የግንቦት ክስ ሰሚ የለውም፤ መጋቢት ላይ ከሆነ ግን መላ ይገኝለታል።

በተቃራኒው ደግሞ ሁሉንም ልሥራ የሚል አባል አለ። እሱም ችግር ነው። ኮዱን ማንም እንዲነካበት አይፈልግም፣ ሌሊት ይቀይረዋል፣ ጠዋት ማንም አያውቀውም። ኮዱን ጊትሃብ በሚባለው የኮድ ማስቀመጫ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጡ፤ የተቀየረውን ሁሉም ያያል፣ ላፕቶፕ ቢሰረቅም ሥራው አይሰረቅም።

አድቫይዘራችንን ማግኘት አልቻልንም።

ብዙ ቡድን ይዘዋል፣ ያስተምራሉ፣ አንዳንዶቹም የራሳቸውን ዲግሪ እየተማሩ ነው። ቢሯቸው በር ላይ ከመቆም ቋሚ ሰዓት ለምኑ፤ በሁለት ሳምንት አንዴ 20 ደቂቃ ይበቃል። ባዶ እጃችሁን አትሂዱ። «መምህር፣ ምን እንሥራ?» የሚል ቡድን ቶሎ ይሸኛል። «ይህን ሠራን፣ ይህ ውጤት አስቸገረን፣ በእነዚህ ሁለት መንገዶች መካከል ምረጡልን» የሚል ቡድን ወንበር ይሰጠዋል። ከተነጋገራችሁ በኋላ የተባለውን በአጭሩ ጽፋችሁ ላኩላቸው።

ዕቃ ከየት እንግዛ?

ሬዚስተር፣ ሽቦ፣ ሶልደር የመሳሰለው ጅማ መርካቶ አካባቢ ካሉ ሱቆችና ከቴሌቪዥን ጠጋኞች ይገኛል። ጠጋኞቹን አትናቁ። የተበላሸ ፓወር ሰፕላይ ውስጥ ትራንስፎርመር፣ ሂትሲንክ፣ ዳዮድ አለ፣ በቅናሽ ይሸጡላችኋል፤ ሶልደር አያያዝም ያሳዩአችኋል።

አርዱዊኖ (ትንሿ የኮንትሮለር ቦርድ)፣ ሴንሰርና ሞጁል በብዛት የሚገኘው አዲስ አበባ ነው። መንገዱ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ስለሆነ ለአንዲት ሴንሰር አይሄዱም። ከሌሎች ቡድኖች ጋር ዝርዝር አስተባብራችሁ በአንድ ሰው አስመጡ። ርካሹንና የሚቃጠለውን ሁለት ሁለት ግዙ። ከውጭ አገር ማዘዝ ካሰባችሁ ርዕሱ በጸደቀ ሳምንት እዘዙ፤ ጉምሩክ የናንተን ዴድላይን አያውቅም።

ዲዛይኑን ከመጨረሳችሁ በፊት ዕቃው ገበያ ላይ መኖሩን አረጋግጡ። ፕሮቲየስ በሚባለው የሰርኪዩት ሶፍትዌር ላይብረሪ ውስጥ አለ ማለት ሱቅ ውስጥ አለ ማለት አይደለም።

ለየብቻው ይሠራ የነበረው ሲገጣጠም እምቢ አለ። ለምን?

ይህ ጥያቄ ሁልጊዜ የሚመጣው ከማስረከቢያው በፊት ባለው ሳምንት ነው። ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ከሚከተሉት አይወጣም።

ኃይል። ሲም800ኤል የሚባለው የመልእክት ሞጁል ታዋቂ ነው። የሚሠራው ከ3.4 እስከ 4.4 ቮልት ሲሆን፣ ኔትወርክ ሲፈልግና ሲልክ ለቅጽበት እስከ 2 አምፔር ይስባል። ከአርዱዊኖ 5 ቮልት ፒን ስትሰጡት ቮልቴጁም ያልፋል፣ ከረንቱም አይበቃም። ሞጁሉ ይጠፋል፣ ይነሣል፣ እንደገና ይጠፋል። ተማሪው ሲም ካርዱን ይቀያይራል፣ ከዚያ ኮዱን፣ ከዚያ ቴሌን ይራገማል። መፍትሔው 4 ቮልት ላይ የተስተካከለ የራሱ ሬጉሌተርና አጠገቡ 1000 ማይክሮ ፋራድ አካባቢ የሆነ ካፓሲተር ነው።

ግራውንድ። ሁለት የኃይል ምንጭ ስትጠቀሙ ግራውንዳቸው ካልተገናኘ ሲግናሉ ትርጉም የለውም። ቀላል ነው፣ ግን ስንቱን ሌሊት በልቷል።

የቮልቴጅ ደረጃ። አርዱዊኖ ኡኖ በ5 ቮልት፣ ኢኤስፒ32 የሚባለው ሌላ ቦርድ በ3.3 ቮልት ይሠራሉ። ሁለቱን በቀጥታ ማገናኘት ኢኤስፒውን ሊያበላሸው ይችላል። ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ ዲቫይደር ወይም ሌቭል ኮንቨርተር በመሃል ይግባ።

የልኬት ጥራት። ቆጣሪ ለመሥራት 30 አምፔር የሚለካውን ኤሲኤስ712 የሚባል የከረንት ሴንሰር ትገዛላችሁ። ለእያንዳንዱ አምፔር 66 ሚሊቮልት ይሰጣል። የኡኖ ኤዲሲ (ቮልቴጅን ወደ ቁጥር የሚቀይረው ክፍል) 10 ቢት ስለሆነ አንድ እርምጃው 4.9 ሚሊቮልት ያህል ነው። ስታካፍሉት አንድ እርምጃ 0.074 አምፔር፣ በ220 ቮልት 16 ዋት አካባቢ ይሆናል። ስለዚህ 9 ዋት ኤልኢዲ አምፖል ለዚህ ቆጣሪ እንደሌለ ነው። ኖይዙን ሳንቆጥር። ቤት ውስጥ ያለውን ትንሽ ጭነት መለካት ከፈለጋችሁ 5 አምፔሩን ወይም ለኤሲ ቆጣሪነት የተሠራ ሌላ ሞጁል ውሰዱ።

አገጣጠሙ ላይ ደግሞ ሁሉን በአንድ ሌሊት አትሰብስቡ። ሁለት ብሎክ ግጠሙ፣ ፈትኑ፣ ሦስተኛውን ጨምሩ። ካላችሁ ጊዜ ሲሶውን ለመገጣጠምና ለመፈተሽ ተዉ። የመጀመሪያውን ግጥሚያ ደግሞ አስቀያሚ በሆነ ብሬድቦርድ፣ በውሸት ቁጥር፣ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አድርጉት።

ከ220 ቮልት ጋር መሥራት ያስፈራል።

ያስፈራ። የማይፈራ ሰው ጋር አትሥሩ። ብቻችሁን አትሥሩ፣ ፊውዝ ሳይገባ አትሰኩ፣ ብሬድቦርድ ላይ 220 ቮልት ፈጽሞ አታውጡ። ሪሌይ ላይ «10 አምፔር» ተጽፏል ማለት በቀጭኑ ጃምፐር ሽቦ 10 አምፔር ይለፍ ማለት አይደለም። የከፍተኛውና የዝቅተኛው ቮልቴጅ ክፍል ሲግናልን በብርሃን በሚያሳልፍ ኦፕቶካፕለር ይለያይ፣ ከፍተኛው በሳጥን ይሸፈን። ፈተናውን በትንሽ አምፖል ጀምሩ፣ በምድጃ አይደለም። የላብራቶሪ ቴክኒሻኑን አስቀድማችሁ አማክሩ፤ እንዲህ ያለ ዕቃ ብዙ ሲቃጠል አይተዋል።

ቻትጂፒቲ ኮድ ቢጽፍልንስ? የተዘጋጀ ፕሮጀክት የሚሸጡስ?

የመጀመሪያውን በተመለከተ መምህራችሁ የሚፈቅዱትን ጠይቁ። ከፈቀዱ እንደ ረዳት ተጠቀሙበት፤ ግን ማስረዳት የማትችሉት መስመር ኮዳችሁ ውስጥ አይኑር። ላይብረሪ አለ ብሎ የሌለ ላይብረሪ ይሰጣችኋል፣ የፒን ቁጥር ያሳስታል። ዳታሺት (የአምራቹን የዕቃ መግለጫ) መክፈት አይቀርላችሁም።

ሁለተኛው ማጭበርበር ነው። የሚሸጠው ሰው ያንኑ ሥራ ለሌላ ግቢ ተማሪም ሸጦታል። ዲፌንስ ላይ አንዲት ሬዚስተር አሳይተው «ይህቺ ለምን 10 ኪሎ ኦም ሆነች?» ቢሏችሁ ሻጩ አብሯችሁ አይቆምም።

ዶክመንቱን መቼ እንጀምር?

ዛሬ። የተቃጠለውን ዕቃ ፎቶ ጭምር አስቀምጡ፤ ውጤት ምዕራፍ ላይ «ይህን ሞከርን፣ በዚህ ምክንያት አልሠራም» የሚል አንቀጽ ከተገለበጠ የሊትሬቸር ገጽ ይሻላል። የአርዱዊኖን ታሪክ ሦስት ገጽ አትጻፉ። ማንም አያነበውም።

የመውጫ ፈተናውስ? ሁለቱ ይጋጫሉ።

ይጋጫሉ። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ለመመረቅ የመውጫ ፈተናን በ50 በመቶ ማለፍ ግዴታ ነው፤ ፈተናውም የሚመጣው ፕሮጀክቱ በሚጠናቀቅበት ሰሞን ነው። ሃርድዌሩን ከፋሲካ በፊት ለማብራት ዕቅድ ያዙ። ከዚያ በኋላ ያለው ጊዜ ለንባብና ለማስተካከል ይሁን። ቡድኑ አንድ ላይ ማንበቡም ጥሩ ነው፤ የፓወሩ ልጅ ማሽን ያስረዳ፣ የኮሙኒኬሽኑ ሲግናል ያስረዳ።

ዲፌንስ ላይ ምን ይጠየቃል?

ለሁሉም የሚቀርብ አንድ ጥያቄ አለ፤ «አንተ የሠራኸው የቱ ነው?» ቀጥሎ «ለምን ይህን መረጣችሁ? ሌላ አማራጭ አልነበረም?» ይመጣል። ሦስተኛው ብዙ ቡድን የሚወድቅበት ነው፤ «መሥራቱን እንዴት አረጋገጣችሁ?» እዚህ ላይ «ሠርቷል» መልስ አይሆንም። ስንት ጊዜ ለካችሁ፣ ከምን ጋር አወዳደራችሁ፣ ስህተቱ ስንት ሆነ?

አንዱ ፈታኝ የሌላውን ብሎክ ሆን ብሎ ሊጠይቃችሁ ይችላል። ስለዚህ ከሳምንት በፊት ተቀያየሩ፤ እያንዳንዱ ሰው የጓደኛውን ክፍል ለቡድኑ ያስረዳ። ባለቤቱ ዝም ብሎ ይስማ፣ መጨረሻ ላይ ያርም።

በዕለቱ መብራት ቢጠፋስ?

ጅማ ናችሁ፣ ሊጠፋ ይችላል። ዕቃው በባትሪ እንዲሠራ አድርጉ፣ ላፕቶፕ ሙሉ ቻርጅ ይሁን፣ ሲሠራ የቀረጻችሁት የሁለት ደቂቃ ቪዲዮ ስልካችሁ ላይ ይኑር። ኔትወርክ የሚፈልግ ከሆነ ካርድ ሞልታችሁ፣ ከዲፌንሱ ክፍል ውስጥ አንድ ቀን ቀድማችሁ ሞክሩት። ግድግዳው ወፍራም ከሆነ ሲግናል ይደክማል።

ካለቀ በኋላ ዕቃው የማን ነው?

መዋጮ ስትጀምሩ ተነጋግራችሁ ጻፉት። ዩኒቨርሲቲው የገዛው ለዩኒቨርሲቲው ይመለሳል። በራሳችሁ ብር የገዛችሁትን ተካፍላችሁ መውሰድ ወይም በቅናሽ ለቀጣዩ ዓመት ተማሪዎች መሸጥ ትችላላችሁ። ሥራው ለገበያ የሚሆን ሐሳብ ካለው ዲዛይኑን ለሰው ከማሳየታችሁ በፊት የዩኒቨርሲቲውን የአእምሯዊ ንብረት ደንብ ጠይቁ። ገበሬ ጋ ተክላችሁት ከመጣችሁ ደግሞ ሲበላሽ ማን እንደሚጠግነው ለባለቤቱ ንገሩ፣ ስልክ ቁጥርም ተዉላቸው። የማትመለሱ ከሆነ ነቅላችሁ ውሰዱት።